ካሜራው ባይኖርስ?

ኤፕሪል 26 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል ሆሎን ከተማ አንድ ፖሊስና አንድ የፖሊስ በጎ ፈቃደኛ፣ የደንብ ልብሱን የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ሲደበድቡ የጥበቃ ካሜራ ቀረጸ። አስቀድሞ የታሰረው ግን ተደብዳቢው ነበር፤ ጥርጣሬውም ፖሊስን መትቷል የሚል። ነጻ ያወጣው ምስሉ ነው።

ያንን ምስል ባሰብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ ካሜራ ሳያያቸው የተፈረደባቸው ስንቶች ይሆኑ?

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጉዘው እንደ ወገን አቀባበል ተደረገላቸው። ከ24 ዓመታት በኋላ ግን የማኅበረሰቡ ወጣቶች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጥተው ፍትሕ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወታደሩን ጠርተው አቀፉት። በጁን ወር ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በፖሊሱ ላይ የወንጀል ክስ እንዳይመሠረት ወሰኑ።

በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ ዘረኝነቱን በስሙ ጠርቶ የመፍትሔ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ እንደሆነ በአደባባይ ተናገሩ። በ2019 ደግሞ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ በሐይፋ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ተኩሶ ገደለ፤ አውራ ጎዳናዎች በተቃውሞ ተዘጉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እቅፍም ሆነ ሪፖርት የፍርድን ቦታ አይተካም። ተጠያቂ የሌለበት ሪፖርት «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ካሜራ ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም፤ ፈራጁ ዓይኑን ከጨፈነ ምስክር ምን ይፈይዳል?