ዕዳጋ ዓርቢ፦ በእግር የሚረገጥ የጥንት በረዶ ወለል

ከቦሌ ወደ ምሥራቅ፣ በሰሚትና በአያት በኩል፣ ለሕንፃ መሠረት በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ በሸክላማ አፈር የተዋጡ ድቡልቡል የባዝልት ቋጥኞች ይወጣሉ። ስለ በረዶ ዘመን ያነበበ ሰው በረዶ ያንከባለላቸው ሊመስሉት ይችላሉ። አይደሉም። ውሃ በዓለቱ ስንጥቅ እየገባ ማዕዘኑን ከፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያበሰብሰው፣ ባዝልት እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ እየተላጠ ባለበት ይከባል። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ለበረዶ ግግር ዝቅ ያለ ነው። ከአጠገቡ የቆመው የረርም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው።

ቅርጽ ብቻውን የበረዶ ምስክር እንደማይሆን ባሌም ያሳያል። በሳነቴ አምባ ላይ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ የድንጋይ መስመሮች አሉ። ባሌ በእርግጥ የበረዶ ግግር ነበረው፤ ግግሮቹ ገፍተው የቆለሏቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች ዛሬም በሸለቆዎቹ ይታያሉ። መስመሮቹ ግን ከበረዶ ግግር ሥር የተሠሩ አይመስሉም፤ መሬቱ በተደጋጋሚ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ የለየበት ሥራ ናቸው። በአንድ ተራራ ላይ ሁለት የቅዝቃዜ ሥራዎች ተጎራብተው ሲገኙ መለየቱ ለጥናቱ ወሳኝ ነው።

ከግግር በታች የሚሠራው ምንድን ነው? ወለሉ ላይ ደርቆ የተጣበቀ በረዶ ከሥሩ ያለውን መሬት ብዙ አይነካም፤ አንዳንዴም ጥንታዊ ገጽን ይጠብቃል። ግግር ቀራጭ የሚሆነው ሥሩ ሲርስና ሲንሸራተት ነው። በረዶው ጉብታ ሲገጥመው በፊት ለፊቱ ግፊት ይጨምራል፣ በረዶው ይቀልጣል፤ ውሃው ጉብታውን አልፎ ግፊት በሚቀንስበት ከኋላ መልሶ ይረጋል። ፊት ለፊቱን በበረዶው ሥር የተጣበቀ ጠጠር ይፍቀዋል። ከኋላ በረዶው ከዓለቱ ተለይቶ ክፍተት ይፈጠራል፤ የውሃ ግፊት ሲዋዥቅ ዓለቱ እየተሰነጠቀ ይነቀላል። አንድ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው የተሰባበረ ጉብታ እንዲህ ይወለዳል፤ ሮሽ ሙቶኔ ይባላል። ሁለቱም ጫፍ ለስላሳ ከሆነ፣ በዓሣ ነባሪ ጀርባ የተሰየመው ዓይነት ነው። የበረዶው ክብደት ክፍተቱን ስለደፈነው ነቀላ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ሂደት በሥራ ላይ እያለ ማየት እጅግ ከባድ ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ በሩትፎርድ የበረዶ ጅረት፣ ከ2 ኪሎ ሜትር ገደማ በረዶ በታች፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ1997 እና በ2004 በሰው ሠራሽ የመሬት ንዝረት ወለሉን ለክተዋል። መጀመሪያ መሬቱ በዓመት አንድ ሜትር ገደማ ሲሸረሸር ታየ፤ ኋላም በሰባት ዓመት ውስጥ ድራምሊን የሚባለውን፣ በግግር ሥር ከደለል የሚሠራ ጉብታ የሚመስል ቅርጽ በቀለ። የሚገርም ፍጥነት ነው። ሆኖም የንዝረት መለኪያ በዓለት ላይ የተጫረ የጣት ስፋት ጭረት ሊያሳይ አይችልም።

ትግራይ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ዶው፣ በይትና ጸጋዬ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1971 በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንት በረዶ ዓለቶች መገኘታቸውን አሳተሙ። በዕዳጋ ዓርቢ ስም የሚጠራው ክምችት፣ በደቀቀ ጭቃ መሐል የተጫሩ ጠጠሮችና ቋጥኞች የተዘሩበት ነው። ዕድሜው ግን አከራከረ። ሳክሴናና ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1983 የዕድሜውን ጥያቄ እንደገና አነሡ፤ ለረጅም ጊዜም በኦርዶቪሺያን መጨረሻ፣ ከ440 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የተጣለ ነው ሲባል ቆየ። ቡሰርትና ሽራንክ እ.ኤ.አ. በ2007 በጭቃው ውስጥ ያገኟቸው የዕፅዋት ዘረ ብናኞች ወደ ካርቦኒፈረስ መጨረሻና ፐርሚያን መጀመሪያ፣ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ አወረዱት። የአሁኑ ግንዛቤ ሁለት በረዶዎች ነበሩ የሚል ነው፤ የፊተኛው አሻራ በእንትጮ አሸዋ ድንጋይ የታችኛው ክፍል፣ የኋለኛው በዕዳጋ ዓርቢ ክምችት ይነበባል።

በእኔ ግምት ከዕድሜው ክርክር በላይ የሚከብደው ከክምችቱ ሥር ያለው ገጽ ነው። ቡሰርት እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገለጸው፣ የኋለኛው በረዶ የፈቀው እጅግ ጥንታዊ ዓለት፣ የሸፈነው ደለል ስለተሸረሸረ፣ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ሮሽ ሙቶኔውም፣ የዓሣ ነባሪ ጀርባ የሚመስለውም፣ ጭረቶቹም በቦታቸው ይታያሉ። በአንታርክቲካ በንዝረት በደብዛዛው የሚታየው ወለል እዚህ በሜትር ይለካል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ሁለቱ ዓይነት ጉብታዎች በአንድ አገር መገኘታቸው የበረዶው ውፍረትና የሥሩ ውሃ ከቦታ ቦታ፣ ወይም ከጊዜ ጊዜ፣ ይለያይ እንደነበር ይጠቁማል። የትኛው እንደሆነ የሚፈታው ተሻጋሪ ጭረቶችን በቅደም ተከተል ማንበብ ነው፤ ኋላ የተጫረው ቀድሞ የተጫረውን ይቆርጣልና።

ገደቡም መነገር አለበት። ድራምሊን ከለስላሳ ደለል ስለሚሠራ ከዓለት ጉብታ ይልቅ ቶሎ ይጠፋል፤ ትግራይ ስለ ጠንካራው ወለል አብዝታ ብትናገርም ስለ ለስላሳው ጥቂት ነው የምትለው። ሽፋኑን ጨርሶ ያጣ ገጽ ደግሞ ዕድሜውን በራሱ አይናገርም፤ በኦርዶቪሺያን የተፈቀ ጉብታን የፐርሚያን በረዶ ዳግም ፍቆት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የካርታ ሥራ መነሣት ያለበት ጭቃው ገና ከዓለቱ ላይ ካልተነሣባቸው ጠርዞች ነው፤ ዘረ ብናኙና ጭረቱ እዚያ አንድ ላይ ይገኛሉ።