ከቁራኛ እስከ መዝገብ፦ ቀነ ገደቡ ያለፈ የግለሰቦች ብድር

በደሴ ፒያሳ ነጋዴ ለነጋዴ ሲያበድር ብዙ ጊዜ ውሉ ቃል ብቻ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌና ወደ ኢማም ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ሸምጋዩ ምን መመዝገብ እንደሚገባው ከታሪክ ያመለክታል።

በቀድሞው የሀገራችን ልማድ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ «የዕዳ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ዛሬም ያስታውሰናል። ቁራኛ ተበዳሪውን ከመሸሽ ያግደዋል፤ ያጣውን ከደበቀው ግን አይለይም፤ አበዳሪውንም አብሮ ሥራ ያስፈታዋል።

ቁርኣን ይህን ልዩነት አስቀምጧል። በሱረቱል በቀራህ አያ 282 በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ፣ በአያ 280 ደግሞ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲታገሡት ታዟል፤ መማሩም በላጭ ነው። አቅም እያለው የሚያዘገየውን ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ አድርገውታል። ከዕብ ኢብኑ ማሊክና ኢብኑ አቢ ሐድረድ (ረ.ዐ.) በመስጊድ ውስጥ ስለ ዕዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በተከራከሩ ጊዜ፣ ነቢዩ ከዕብን ግማሹን እንዲተው ጠቆሙት፤ በተስማማ ጊዜም ተበዳሪው ወዲያውኑ ቀሪውን እንዲከፍል አዘዙ። ምሕረቱ ክፍያውን አላስቀረም።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የናይባና የቃዲዎች ምክር ቤቶች አዋጅ የቃዲዎቹን ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ወሰነ፤ የነጋዴዎች ብድር ከዚያ ውጭ ቀረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ እንዲረጋገጥ ደነገገ። ስለዚህ ተበዳሪው ከካደ በቃል የቆመ ብድር መሠረቱ የሳሳ ነው፤ ሸክሙም በኢማሙ ላይ ያርፋል።

ሽምግልናው ምን ያህል እንደ ሠራ የሚታወቀው በመዝገብ ነው። ለምሳሌ ከ10,000 ብር ዕዳ 4,000 ቢከፈል፣ 3,000 ቢማር፣ ለ3,000 ደግሞ አዲስ ቀጠሮ ቢሰጥ፣ የተሰበሰበው 4,000 ብቻ ነው። የተማረው ለአበዳሪው ምጽዋት ነው፤ የተቀጠረው ገና ዕዳ ነው። ሦስቱ ለየብቻ፣ ከቀነ ገደቡ ስንት ወር እንዳለፈና የመዘግየቱ ምክንያት ችግር ይሁን እምቢታ ተጽፎ ሊያዝ ይገባል። «ታርቀዋል» ብለን መዝገቡን ከዘጋነው ግን ቀጠሮው ሲደርስ ጠያቂ አይኖርም፤ አበዳሪውም ዳግመኛ ለወንድሙ እጁን አይዘረጋም። ቀርድ ሐሰን ከመካከላችን የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ወላሁ አዕለም።