የፀሐይ ሙቅ ውኃ በኪራይ ቤቶችና በሆቴሎች፤ የማያሚና የእስራኤል ታሪክ

ውኃን በፀሐይ ማሞቅ የቅርብ ጊዜ ጥበብ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያስባል፤ ነገር ግን ታሪኩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው በሚገባ እየሠራ ሳለ፣ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖርበት ሕንፃ ላይ በአንዱ አገር የጠፋው፣ በሌላው የጸናው ስለ ምን ነው? የሚል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ የባልቲሞር ሰው ጥቁር የተቀቡ የውኃ በርሜሎችን መስታወት በለበሰ ሣጥን ውስጥ አኑሮ የፈጠራ መብት አገኘ። የዚህ መሣሪያ ጉድለት በቀን የሞቀው ውኃ በሌሊት መቀዝቀዙ ነበር። በ1909 ዊልያም ቤይሊ በካሊፎርኒያ ማሞቂያውን ከማጠራቀሚያው ለየው። በመስታወት ሥር ያለው ቧንቧ ፀሐይን ይቀበላል፤ ውኃው ሲሞቅ ስለሚቀል ያለ ሞተር ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሙቀት እንዳያመልጠው በሚገባ ወደ ተሸፈነው በርሜል ይገባል። ስለዚህ በማለዳም ሙቅ ውኃ ተገኘ። ሆኖም በ1920ዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ በመገኘቱ የቤይሊ ኩባንያ ራሱ ፊቱን ወደ ጋዝ ማሞቂያ አዞረ።

ጥበቡ ግን በዚያው ዘመን ወደ ፍሎሪዳ ተሻግሮ ነበር። በ1930ዎቹ በማያሚ ከተማ ከግል ቤቶች አልፎ በኪራይ ቤቶች፣ በሆቴሎችና መንግሥት ባሠራቸው የብዙ ቤተ ሰብ መኖሪያዎች ጣሪያ ላይ ወጣ። በ1941 ከከተማው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በፀሐይ የሞቀ ውኃ ይጠቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መዳብን ስለ ፈለገ ሥራው ቆመ። ጦርነቱ ሲያልቅም የኤሌክትሪክ ዋጋ ዝቅ፣ የመዳብ ዋጋ ከፍ ብሎ ስለ ነበር ማሞቂያው እንደ ቀድሞው ሊያንሰራራ አልቻለም።

ነገሩ ሁሉ የዋጋ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በእኛ አስተያየት ግን በኪራይ ቤት ሌላም ምክንያት አለ። የግል ቤት ያለው ሰው ለማሞቂያው ያወጣውን ገንዘብ ከወጪው ቁጠባ ይመልሳል። ሆቴልም ገዥውና ከፋዩ አንድ ስለሆነ ሒሳቡ አይጠፋውም። ኪራይ ቤት ላይ ግን መሣሪያውን የሚገዛው ባለ ሕንፃው ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። እንግዲህ አንዱ ይዘራል፣ ሌላው ያጭዳል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ለመዝራት የሚቸኩል አይገኝም።

የእስራኤል ታሪክ ይህን ዐሳብ ያጠናክርልናል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ከማነሱ የተነሣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ውኃ ማሞቅ ተከልክሎ ነበር። በ1953 ሌዊ ይሳር የፀሐይ ማሞቂያ የሚሠራ ድርጅት አቆመ፤ በ1955 ሃሪ ታቦር የፀሐይን ብርሃን የሚውጥ፣ ሙቀቱን ግን በጥቂቱ ብቻ የሚለቅ ጥቁር ልባጥ አስተዋወቀ። ቢሆንም በ1967 በዚህ የሚጠቀመው ከ20 ቤተ ሰብ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ነዳጅ ሲረክስ ገዥው ቀነሰ፤ ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ ዋጋው ሲንር ደግሞ ተመለሰ። በ1980 ግን መንግሥት አዲስ መኖሪያ ቤትና ሆቴል የሚሠራ ሁሉ የፀሐይ ማሞቂያ እንዲያስገባ በሕግ አዘዘ። ቁመታቸው ከ27 ሜትር የሚበልጡ ሕንፃዎች ከዚህ ትእዛዝ ነጻ ወጡ፤ ፎቁ ሲበዛ ጣሪያው ለነዋሪው ሁሉ አይበቃምና።

ከዚህ የምንረዳው፣ የማያሚ ማሞቂያ የወደቀው በጥበብ ጉድለት እንዳልነበረ ነው፤ የእስራኤልም የጸናው በፀሐይዋ ብርታት ብቻ አይደለም። ባለ ሕንፃውና ተከራዩ ሊስማሙበት ያልቻሉትን ነገር ሕጉ ሕንፃው ሳይሠራ አስቀድሞ ወሰነው። ስለ መሣሪያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ማን ፈለሰፈው ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ማን ገዛው፣ ማንስ ተጠቀመበት ብሎ መጠየቅ ይገባዋል እንላለን።