ከበረሮ እስከ ባቄላ

ቦሪክ አሲድን ከተሜው የሚያውቀው በበረሮ ነው። ከስኳር ጋር ለውሶ በየጥጋጥጉ ያኖረዋል፤ በረሮውም በልቶት፣ እግሩ ላይ የቀረውንም ሲያጸዳ ውጦት ውሎ አድሮ ይሞታል። ዱቄቱ ነጭ ነው፤ ሽታም የለው። ከጨው ጋር ይምታታልና ከወጥ ቤት መደርደሪያ ማራቅ ነው። ድሮ ዓይን ይታጠቡበት፣ የሕፃናትንም ገላ ይነሰንሱበት ነበር፤ ሕፃናት ተመርዘው መሞታቸው ሲታወቅ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞች ከሕፃን ገላ አራቁት።

እኔን የሳበኝ ባሌ ደጋ ድረስ የሚያመጣው ታሪኩ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1702 ዊልሄልም ሆምበርግ ፓሪስ ውስጥ ቦራክስ ከሚባለው ማዕድን አወጣውና «ማስታገሻ ጨው» አለው። በ1777 ሖፈር የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በጣሊያን፣ ቶስካና፣ ከሚፈሉ ኩሬዎች ውስጥ አገኘው፤ በ1818 ላርደሬል የሚባል ፈረንሳዊ እዚያው ውሃውን እያተነነ ያመርተው ጀመር። ስፍራው ዛሬም በስሙ ላርደሬሎ ይባላል።

በ1923 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ካትሪን ዋሪንግተን በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ባቄላ አበቀለች። ቦሪክ አሲድ የተነፈገው ባቄላ ጫፉ ሞቶ ቀረ፤ ኢምንት የተጨመረለት ግን ለመለመ። ልብ በሉ፣ ባቄላ ነው! ያው የእሸቱ፣ የአሹቁ፣ የስልጆው ባቄላ። በቦሪክ አሲድ ውስጥ ያለው ቦሮን ለተክል ግድ መሆኑ ከዚያ ታወቀ። ስንዴም ቦሮን ሲያጣ የአበባው ብናኝ ይመክናል፤ ዛላው ቆሞ ይታያል፣ ፍሬ ግን አይቋጥርም።

ከዋቤ ሸበሌ ሸለቆ አፋፍ፣ ከገሰራ፣ እስከ ሮቤ ድረስ ስንዴና ገብስ ለሚዘራ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2010ዎቹ የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሲሠራ በብዙ ወረዳዎች ቦሮን አንሷል ተባለ፤ ለአሥርት ዓመታት በተለመደው ዳፕ ቦታም ኤን ፒ ኤስ ቢ የተባለ ማዳበሪያ ገባ። የመጨረሻዋ «ቢ» ቦሮን ናት፤ በኩንታሉ ውስጥ 100 ግራም ገደማ። ቢበዛ ደግሞ ያንኑ ተክል ይመርዛል። ተመራማሪው ሁሉ አልተስማማም፤ በስንዴ ማሳ ሞክረን ቦሮኑ ያመጣው ለውጥ አልታየንም ያሉ አሉ። እኔ ለእነርሱ አደላለሁ። ገበሬው የሚከፍለው በኩንታል ነውና፣ ለየቀበሌው አፈር ፍርዱን የሚሰጠው ካርታው ሳይሆን ማሳው ቢሆን እወዳለሁ። ዋሪንግተንም ያመነችው ያልተሰጠውን ባቄላ ከተሰጠው ጎን አቁማ ካየች በኋላ ነው።