ሊሊን ወርቅ የቀባው ማን ነው?

እንግሊዞች አንድ ሰው ያማረውን ነገር ይበልጥ ላሳምር ብሎ ትርፍ ጌጥ ሲከምርበት «ሊሊን ወርቅ ቀባ» ይላሉ። ሊሊ ያ ነጭ አበባ ነው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለው ሊተረጉሙት ሲታገሉ አየን። አይሆንም! የኛው በመከራ ላይ መከራ፣ የነሱ ግን በውበት ላይ ውበት ነው።

ለመሆኑ ከየት መጣ? ምንጩ የሼክስፒር «ንጉሥ ጆን» የተሰኘው ተውኔት ነው። የተጻፈው በ1590ዎቹ፣ የታተመው ግን ደራሲው ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ በ1623 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እዚያ ገብተን ብንፈልግ ሊሊን ወርቅ የሚቀባ ሰው አጣን። በወርቅ የሚለበጠው ራሱ የነጠረው ወርቅ ነው፤ ሊሊውማ የሚቀባው ተራ ቀለም ነው። የሰው አፍ ውሎ አድሮ ሁለቱን ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸው።

ይህስ ትንሹ ስሕተት ነው። ከዚህ የባሰው፣ ነገሩ የተነገረበት ጉዳይ መረሳቱ ነው። የተነገረው ስለ አበባ ሳይሆን ስለ ዘውድ ነበር።

በተውኔቱ አራተኛ ገቢር ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ ሳለ እንደገና ይደፋል። ፔምብሩክ የተባለው መኮንን «ይሄ ትርፍ ነው» የሚል ነገር ጣል ያደርጋል። ሳልዝበሪ ይቀበለውና ወርቁንና ሊሊውን ጠቅሶ አይበቃውም፤ ሽቶ የሚረጭበትን ቫዮሌት፣ የሚለሰልሰውን በረዶ፣ ቀለም የሚጨመርለትን ቀስተ ደመና፣ በሻማ የምትደምቀውን ፀሐይ ይደረድራል። ስድስት ምሳሌ! ትርፍን ለመንቀፍ ይህን ያህል መደርደርስ ትርፍ አይደለም እንዴ?

ታዲያ ንጉሡን ምን ነካው? ጆን በግንቦት 1199 የነገሠው ወንድሙ ሪቻርድ ሲሞት ነው። ነገር ግን የሌላው ታላቅ ወንድሙ የጄፍሪ ልጅ፣ የ12 ዓመቱ አርተር፣ ዘውዱ ይገባዋል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በታሪክም ጆን ኢዛቤላን አግብቶ በ1200 ከርሷ ጋር፣ በ1201 ፋሲካ ደግሞ ካንተርበሪ ላይ ዘውድ ደፍቷል። በዚያ ዘመን ነገሥታት በበዓል ቀን ዘውድ ደፍተው መታየታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። ሼክስፒር ግን ይህን ወስዶ የፍርሃት ምልክት አደረገው፤ ዘውዱ በደንብ የተቀመጠለት ሰው ሁለተኛ ምን ያስደፋዋል? በነገራችን ላይ፣ በ1215 መኳንንቱ ጆንን በማኅተሙ ያስጸደቁትን ማግና ካርታ ተውኔቱ ጨርሶ አያነሣውም።

እውነተኛው አርተር በ1202 ተማረከ፤ በ1203 ደብዛው ጠፋ። በመድረኩ ላይ ደግሞ መኳንንቱ የአበባውን ነገር ከአፋቸው ሳያደርቁ «ልጁን ፍታልን» ብለው ይለምናሉ። ወዲያው ሞቷል የሚል ወሬ ይመጣል። ጥለውት ይወጣሉ፤ ኋላም ከፈረንሳዩ ልዑል ጋር ይሰለፋሉ።

ዛሬ አባባሉ የሚነገረው ክሬም ስለበዛበት ኬክ ነው።