ቁጥሩ ለማን ተቆጠረ?

ሰሞኑን አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ቆመን ስንከራከር ነበር። መደርደሪያው ላይ ሁለት የፀሐይ መከላከያ ክሬሞች አሉ፤ አንዱ 30፣ ሌላው 50 ይላል። ግማሻችን «50ው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» አልን። ግማሻችን ደግሞ «ጥቁር ሰው ለፀሐይ ምን ቅባት ያሻዋል?» ብለን ሳቅን። ሁለታችንም ወገን እንደተሳሳትን የገባን የቁጥሩን ታሪክ ስናገላብጥ ነው። እነሆ! (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከማይታይ ብርሃን ነው። በ1801 ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር፣ በሲልቨር ክሎራይድ የተነከረ ወረቀት ላይ ብርሃንን በየቀለሙ ከፍሎ ሲፈትን አንድ ነገር አየ። ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ፣ ወረቀቱ ይበልጥ ፈጥኖ ጠቆረ። ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ጨረር ይህ ነው። ቆዳን የሚለበልበውም ሙቀቱ ሳይሆን የዚህ ጨረር አጭር ሞገድ፣ ማለትም ዩቪቢ፣ መሆኑን ሃውሰርና ቫህለ የተባሉ ጀርመናውያን በ1922 አሳዩ።

ቀጥሎ ተራራ የሚወጣ ተማሪ ይመጣል። ኦስትሪያዊው የኬሚስትሪ ተማሪ ፍራንዝ ግራይተር በ1938 በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ያለውን ፒዝ ቡዊን ተራራ ሲወጣ በረዶ ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ክፉኛ አቃጠለው ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ «የበረዶ ግግር ክሬም» የሚል ስም ያለው ቅባት ለገበያ አቀረበ። በዛሬው መለኪያ ሲሰላ 2 ገደማ ብቻ ነበር ይባላል! የመከላከል አቅምን በቁጥር የመግለጽን ሐሳብ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሹልዘ በ1956 አቀረበ፤ ግራይተር ደግሞ በ1970ዎቹ ኤስፒኤፍ በሚል ስም አስፋፋው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ1978 ባወጣው የደንብ ረቂቅ ውስጥ አስገባው።

እንግዲህ ቁጥሩ ምን ይለካል? ፈቃደኛ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ክሬሙ በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ይቀባል፤ ከዚያ ጨረር ይለቀቅባቸዋል። የተቀባው ቆዳ እስኪቀላ ድረስ የፈጀው ጨረር ካልተቀባው 30 እጥፍ ከሆነ፣ ቁጥሩ 30 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሰዓት አይደለም፤ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ከጠዋቱ ጋር አንድ አይደለችምና። እጥፍም አይደለም፤ 15 የሚለው ከዩቪቢው 93 በመቶ ገደማ ሲያስቀር፣ 30 የሚለው 97፣ 50 የሚለው 98 ያስቀራል። አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚቀባው ከቤተ ሙከራው መጠን ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። 50 ገዝቶ ስስ አድርጎ ከመቀባት፣ 30 ገዝቶ ጠገብ አድርጎ ቀብቶ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይበልጣል።

እዚህ ላይ የእኛ ጥያቄ ይመጣል፦ የማን ጀርባ ነበር? ለሙከራው የሚመረጡት ፈጥነው የሚቀሉ ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የሐርቫርዱ የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ቆዳን በዓይነት ሲከፍል እንኳ መጀመሪያ ያሰበው ለነጮች ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5ኛና 6ኛ ተብሎ የተጨመረው በኋላ ነው። ቁጥሩ ሲወለድ እኛ አልነበርንበትም።

ታዲያ አያገባንም ማለት ነው? አይደለም። በ1979 የወጣ ጥናት የጥቁር ሰዎች የቆዳ ላይኛው ክፍል በአማካይ 13 ገደማ የሚሆን የተፈጥሮ መከላከያ እንዳለው አሳይቷል። ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን ግድግዳ አይደለም። ረጅም ሞገድ ያለው ዩቪኤ ጠልቆ ይገባል፤ ማድያትን ያባብሳል፣ ቆዳን ያስረጃል። ኤስፒኤፍ በዋናነት የሚነግረን ስለ ዩቪቢ ነው። ጃፓን በ1996 «ፒኤ» የሚል ምልክት ከመደመር ምልክቶች ጋር ያመጣችው፣ አሜሪካም በ2011 ሁለቱንም ጨረር የሚከላከለው ለይቶ እንዲጻፍበት ያዘዘችው ለዚሁ ነው። ማድያት ያለባት እህታችን ከቁጥሩ በፊት ይህን ትፈልግ፤ የሚታየው ብርሃንም ማድያትን ስለሚያብስ፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ቀለማም ክሬም ይበልጥ ይረዳታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ቢሆንም ፀሐይዋ አትቀልድም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህ ነገር የሕይወት ጉዳይ የሆነባቸው በመካከላችን አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ያ የተፈጥሮ መከላከያ የላቸውም፤ በአፍሪካ ብዙዎቹን የቆዳ ካንሰር በወጣትነታቸው ያገኛቸዋል። በታንዛኒያዋ ሞሺ ከተማ «ኪሊሰን» የሚባል ክሬም ለእነሱ ታስቦ እዚያው ይሠራል። ቁጥሩ ከአልፕስ ተራራ ወርዶ መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው ሰው ጋ ደረሰ ማለት ነው።

እኛ በኮስሞቲክስ ቤት የሳቅንበት ቅባት፣ ለክፍል ጓደኛችን ከደብተር ይቀድማል። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ጃንጥላም እንዲሁ። የሚቀጥለው ጊዜ «ጥቁር ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚል ስንሰማ፣ መልሳችን ቁጥር ሳይሆን ያ ጓደኛችን ይሁን።