የቮልስዋገን ቢትል ካምሻፍት ምርጫ

ካምሻፍት የሞተርን ቫልቮች የሚያስከፍት ዘንግ ሲሆን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ (ክራንክሻፍቱ) ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። በኢትዮጵያ «ቮልስ» በሚባለው ቢትል ሞተር ውስጥ 4 የካም ጉብታዎች 8 ቫልቮችን ያንቀሳቅሳሉ፤ እያንዳንዱ ጉብታ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቫልቮችን ያገለግላል።

ለጉልበት የተሠራ ካምሻፍት ቫልቩን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ ክፍት የሚቆይበትንም ጊዜ ያረዝማል። በከፍተኛ ዙር ጉልበት ሲጨምር በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ይደክማል፣ ሚኒሞ ላይም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ምርጫው በሲሊንደሮቹ መጠን፣ በካርቡሬተሩ፣ በኮምፕሬሽኑና በመኪናው አገልግሎት ይወሰናል። በየዕለቱ ለሚነዳ ባለ አንድ ካርቡሬተር 1600 ሲሲ ሞተር መለስተኛ ካምሻፍት ይሻላል።

ካምሻፍቱን ለመቀየር ሞተሩ ወርዶ አካሉ ለሁለት መከፈል አለበት። አዲስ ካምሻፍት በአሮጌ ታፔት (የካም ጉብታው በሚገፋው ክፍል) ላይ አይገጠምም፤ ካምሻፍቱ ቶሎ ይበላል።